«አራት ሲደመር አንድ»፦ የሂፕ ሆፕ ባህል፣ የወጣቱ ነጻነትና የሴቶች ጥያቄ

በስደት ላይ በምንገኘው ተማሪዎች መካከል ስለ ሂፕ ሆፕ ባህል በተነሣ ቁጥር ሁለት የተራራቁ አቋሞች ሲንጸባረቁ እንሰማለን። አንደኛው ወገን ይህ ባህል ከበርቴው ወጣቱን ለማደንዘዝ የሚያሠራጨው፣ ሴትን የሚያዋርድ፣ ወርቅና መኪና የሚያመልክ ዝባዝንኬ ነው ብሎ ጠቅልሎ ይጥለዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የጭቁኑ ጥቁር ሕዝብ ድምፅ ነውና እንከን አይወጣለትም፤ በውስጡ ስለሚታየው የሴቶች መዋረድ ማንሣት የዘረኞቹን ክስ ማስተጋባት ነው ይላል። እኛ ሁለቱም አቋሞች ታሪኩን በወጉ ካለመመርመር የመነጩ ናቸው እንላለን። እንዲያውም ተፃራሪ መስለው የሚታዩት ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ሂፕ ሆፕ የወንዶች ሥራ ነው፤ ሴቷ በዚያ ውስጥ ወይ ተሰዳቢ ናት ወይ አጃቢ። ይህ የጋራ እምነት ትክክል እንዳልሆነ ከታሪኩ ማሳየት ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት በኒውዮርክ ከተማ ወደሚገኘው ደቡብ ብሮንክስ መመለስ ግድ ይላል። በ1948 መሠራት የጀመረው የክሮስ ብሮንክስ አውራ ጎዳና፣ የከተማይቱ ኃያል ባለሥልጣን የነበረው የሮበርት ሞዝስ ዕቅድ ሲሆን፣ የሠራተኛውን ሕዝብ ሰፈሮች ሰንጥቆ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን አፈናቀለ። ዐቅም ያለው ወደ ከተማ ዳር ወጣ፤ ፋብሪካውም ተከትሎት ሄደ፤ የቀረው ጥቁሩ፣ የፖርቶ ሪኮው ተወላጅና ከካሪብያን ደሴቶች የመጣው ድኃ ሆነ። አንዳንድ የሕንፃ ባለቤቶች ከኪራይ ይልቅ ከቃጠሎ መድን የሚያገኙት ገንዘብ እንደሚበልጥ አስልተው ቤታቸውን ማስቃጠል ያዙ፤ የከተማው አስተዳደር ደግሞ በዚያው ዘመን የእሳት አደጋ ጣቢያዎችን ይዘጋ ነበር። ከ1970 እስከ 1980 ባለው ጊዜ ውስጥ በብሮንክስ ከሚገኙት የሕዝብ ቆጠራ ቀጠናዎች መካከል 44ቱ ከሕንፃዎቻቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን አጥተዋል። በ1975 የከተማው ካዝና ሲራቆት በሺህ የሚቆጠሩ መምህራን ከሥራ ተባረሩ። በ1976 ደግሞ ከ1847 ጀምሮ የድኃውን ልጅ ያለ ክፍያ ሲያስተምር የኖረው የከተማው የኮሌጆች ሥርዓት ክፍያ ጣለ። እኛ ተማሪዎች ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ልብ ልንላት ይገባል።

በዚህ ፍርስራሽ መካከል ነው እንግዲህ ኦገስት 11 ቀን 1973 በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሚገኝ ባለብዙ ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት አንድ የጭፈራ ምሽት የተደረገው። ይህ ቀን ዛሬ የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ ይከበራል፤ ሃምሳኛው ዓመቱም በ2023 በታላቅ ድምቀት ታስቦ ውሏል። ታሪኩን የሚተርክ ሁሉ በቅድሚያ የሚያነሣው ክላይቭ ካምቤል የተባለውን የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነው፤ በሙዚቃው ዓለም ስሙ ዲጄ ኩል ኸርክ። ድግሱን ግን የደገሰው እርሱ አልነበረም። የደገሰችው እኅቱ ሲንዲ ካምቤል ናት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ተቃርቦ ስለነበረ የደንብ ልብስ ባይሆንም ከእኩዮቿ የማያሳንሳት አዲስ ልብስ መግዣ ፈለገች፤ አዳራሹን ተከራየች፤ መጠጡንና የሚቀመሰውን አሰናዳች፤ የጥሪ ወረቀቱን አሠራጨች፤ ለሴቶች 25 ሳንቲም፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም የመግቢያ ዋጋ ቆረጠች፤ ወንድሟንም ሸክላ እንዲያጫውት አደረገች። ሐሳቡ፣ ድርጅቱ፣ ሒሳቡ የእርሷ ነው። ከዋጋው ልዩነት ስንነሣ እንኳ ሴቶች ካልመጡ ድግሱ ድግስ እንደማይሆን አስቀድማ ያወቀች አደራጅ እንደነበረች እንረዳለን። ማንኛውም የተማሪ ማኅበር አባል እንደሚያውቀው፣ አዳራሽ የሚከራይና ወንበር የሚደረድር ከሌለ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚናገር አይኖርም፤ ታሪክ ግን የሚመዘግበው ተናጋሪውን ብቻ ነው።

ከዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚነካ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ካምቤሎች ከጃማይካ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ክላይቭ ከኪንግስተን ወደ ብሮንክስ የመጣው በ1967 ነው፤ ይህም ማለት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኤፕሪል 1966 ኪንግስተን ሲገቡ ሕዝቡ የአውሮፕላን ማረፊያውን ባጥለቀለቀበት ጊዜ በዚያው ከተማ የሚኖር ልጅ ነበር። የኢትዮጵያ ተማሪ «መሬት ለአራሹ» ብሎ አዲስ አበባ ላይ ዘውዱን በተፋለመባቸው ዓመታት፣ የኪንግስተን ድኃ ወጣት በዚያው ዘውድ ውስጥ የነጻነት ምልክት ያይ ነበር። ክላይቭ ከዚያ ሰፈር ይዞት የመጣው ሃይማኖቱን ሳይሆን ትልልቅ የድምፅ ማጉያዎችን አደባባይ አውጥቶ የማስጨፈሩን ልማድ ነው። አንድ ምልክት በሁለት አገሮች ሁለት ተፃራሪ ትርጉም መያዙ ግን፣ ባህልን እንደ ሙት ሐውልት ቆጥረው «ተራማጅ» ወይም «አድኃሪ» የሚል ማኅተም ብቻ ለሚመቱበት ወገኖች ጥሩ ትምህርት ይሆናል።

ኸርክ ያስተዋለው ነገር ቀላል ነበር። ጨፋሪዎች ከዘፈኑ ሁሉ የሚጠብቁት ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን አጭር ቦታ ነው። ስለዚህ አንዱን ሸክላ በሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ ያንን ቦታ እያፈራረቀ አስረዘመው። ጨፋሪው በዚያ ላይ ሰውነቱን አስነገረ፤ ማይክሮፎን የያዘውም በዚያ ላይ ቤት እየመታ ይፎክር ጀመር። ይህ በቃል ተፋልሞ የመርታት ጥበብ እንካ ሰላንትያን፣ ቀረርቶንና የአዝማሪን ፍጥንጥን ግጥም ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። በ1971 መገባደጃ ላይ የብሮንክስ የወጣት ቡድኖች የእርቅ ስብሰባ አድርገው ስለነበረ፣ ቀድሞ በጩቤ ይካሄድ የነበረው ፉክክር ቢያንስ በከፊል ወደ ስንኝና ወደ ጭፈራ ተሸጋገረ።

ሴቶቹ የት ነበሩ? ሁሉም ቦታ። ሻሮክ የተባለችው የብሮንክስ ልጅ በሰባዎቹ መጨረሻ ማይክሮፎን ከያዙት መካከል ስመ ጥር ነበረች፤ የነበረችበትም ቡድን ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1981 «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» በተባለው ዝግጅት ላይ በመቅረብ በአሜሪካ ብሔራዊ ቴሌቪዥን የታየ የመጀመሪያው የሂፕ ሆፕ ቡድን ሆነ። የቡድኑን ስም ግን እንመልከት፦ «ፋንኪ ፎር ፕላስ ዋን»፤ አራት ሲደመር አንድ። አራቱ ወንዶች ናቸው፤ አንዷ ሻሮክ። አምስት ሰዎች ሆነው ሳለ አምስት አልተባሉም። ይህ ስም በንቀት ሳይሆን በኩራት፣ እርሷን ለይቶ ለማጉላት ጭምር የወጣ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከዚያ የበለጠ የሴቷን ቦታ በአንድ ቃል የሚገልጽ ፍልስፍና ለማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ከድምሩ ውስጥ አለች፣ ከቁጥሩ ውስጥ የለችም።

በግድግዳና በባቡር ሥዕሉም ዘርፍ ኢኳዶር ተወልዳ ኒውዮርክ ያደገችው ሌዲ ፒንክ በ1979 ገና በአፍላነቷ ቀለሟን ይዛ ወደ ባቡር ማደሪያዎቹ ገባች። ሌሊት፣ በጨለማ፣ ከፖሊስ እየተሸሸገ በሚሠራ ሥራ ውስጥ ችሎታዋን ከወንዶቹ ይልቅ ደጋግማ ማስመስከር ነበረባት። በ1983 በወጣው «ዋይልድ ስታይል» በተሰኘው ፊልም ላይ ዋና ተዋናይት ሆና ቀርባለች።

የመደብን ጥያቄ ለሚያነሡ ጓዶች ደግሞ የሲልቪያ ሮቢንሰን ታሪክ ይቅረብ። ቀድሞ ራሷ ዘፋኝ የነበረችው ይህች ጥቁር ሴት «ሹገር ሂል» የተባለውን የሸክላ ኩባንያ ከባለቤቷ ጋር መሥርታ በ1979 «ራፐርስ ዲላይት»ን አሳተመች፤ ራፕ ከሰፈር ጭፈራ ወጥቶ ዓለም አቀፍ ሸቀጥ የሆነው በዚህ ሸክላ ነው። በዚያው ዓመት «ዘ ሲኩዌንስ» የተባሉ ሦስት የደቡብ ካሮላይና ወጣት ሴቶችን አስቀረጸች። በ1982 የድኃውን ሰፈር ኑሮ ያለ ሽፋን የገለጸው «ዘ ሜሴጅ» እንዲወጣ የገፋፋችው እርሷ ናት። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የመጀመሪያው ሸክላ ግጥም በከፊል ግራንድማስተር ካዝ ከተባለ የብሮንክስ ገጣሚ የተወሰደ መሆኑና እርሱም አንዲት ሳንቲም አለማግኘቱ፣ በ1983ም ግራንድማስተር ፍላሽ ስለ ድርሻው ኩባንያውን ፍርድ ቤት ማቆሙ እንዲሁ እውነት ነው። ሴት ባለቤት ስለሆነች ብዝበዛው አልቀረም። የሴቶች ጥያቄ ጥቂት ሴቶች ከበርቴ በመሆናቸው የሚፈታ የሚመስላቸው ካሉ ይህን ይመልከቱ።

ወደ 1984 እንለፍ። «ዩ ቲ ኤፍ ኦ» የተባሉ ወንዶች ሮክሳን የምትባል አንዲት ልጅ ልመናቸውን ባለመቀበሏ ኩራተኛ አድርገው የሚያብጠለጥሉበት ዘፈን አወጡ። ዘፈኑ ተወደደ። ሴቷ በዘፈኑ ውስጥ ስም አላት፤ ድምፅ ግን የላትም። በኩዊንስብሪጅ የመንግሥት መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የምትኖር የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ያንን ስም ለራሷ ወሰደችው። ሮክሳን ሻንቴ ተባለች፤ በጎረቤቷ በማርሊ ማርል መኖሪያ ቤት ውስጥ ማይክሮፎን ይዛ ሦስቱንም ወንዶች እያንዳንዳቸውን በየተራ ገሸለጠቻቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው በራፕ ታሪክ ውስጥ ወደር የለውም፤ እናቱ ነኝ፣ እኅቱ ነኝ፣ እውነተኛዋ ሮክሳን እኔ ነኝ የሚሉ የመልስ ሸክላዎች እንደ አሸን ፈሉ። ዛሬ ወደ ኋላ ስናየው ይህ ክስተት ከቀልድነቱ የላቀ ትርጉም አለው። በመንገድ ላይ በወንድ የተለከፈች ልጅ እንድታደርግ ከሚጠበቅባት ሁለት ነገሮች፣ ማለትም አንገት ደፍቶ ከማለፍ ወይም ከመሽኮርመም፣ አንዱንም ሳትመርጥ ሦስተኛውን መንገድ ከፈተች፦ መለሰች። አገራችን ያደገች ሴት ሁሉ «ሴት ልጅ አፍ አታብዛ» ተብላ አድጋለችና የዚህን መልስ ክብደት ማስረዳት አያስፈልገንም።

በሯ ከተከፈተ በኋላ ሌሎችም ገቡ። ኤምሲ ላይት በ1988 የመጀመሪያውን የአንዲት ሴት ራፐር ሙሉ አልበም አወጣች። የኒውርክ ልጅ የሆነችው ክዊን ላቲፋ በ1989 ከለንደኗ ሞኒ ላቭ ጋር «ሌዲስ ፈርስት»ን ስትጫወት በተንቀሳቃሽ ምስሉ ላይ የሀሪየት ተብማን፣ የሶጆርነር ትሩዝና የአንጄላ ዴቪስ ፎቶግራፎች ተደርድረው ይታያሉ፤ እርሷም የወታደር አዛዥ መስላ በደቡባዊ አፍሪካ ካርታ ላይ የነጮቹን ገዢዎች ምስል እየገለበጠች በምትኩ የተጨበጡ የጥቁር ጡጫ ምስሎችን ታቆማለች። ያን ጊዜ ኔልሰን ማንዴላ ገና እስር ቤት ነበሩ። የሴቶችን ጥያቄና የአፍሪካን ነጻነት ጥያቄ አንዱን ለሌላው ሳታስረዝም በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ያኖረች ይህች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ ብዙ የረቀቁ የጉባኤ ውሳኔዎች ያልደረሱበት ቦታ ደርሳ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከነበረ፣ ከ90ዎቹ ወዲህ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የነገሠው ሴትን ሥጋ ብቻ አድርጎ የሚያይ ራፕ ከየት መጣ? የወንዶቹን ትዕቢት ብቻ መክሰስ በቂ አይደለም፤ ትዕቢቱ ቀድሞም ነበር። የተለወጠው ገበያው ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሰፈር አሳታሚዎችን ዋጡ፤ ገዢውም በብዛት የነጭ መካከለኛ መደብ ወጣት ሆነ፤ ይህም ወጣት ስለ ጥቁር ሰው አስቀድሞ የነበረውን ቅዠት መግዛት ይወድ ነበር። በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ደግሞ አንድ ኩባንያ በአገር አቀፍ ደረጃ ሊይዝ የሚችለውን የሬዲዮ ጣቢያ ብዛት ከ40 በላይ እንዳይሆን ያግድ የነበረውን ገደብ አነሣ፤ ክሊር ቻነል የተባለው ኩባንያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 1,200 ገደማ ጣቢያዎች ባለቤት ሆነ። የአትላንታውና የዲትሮይቱ ሬዲዮ አንድ ዓይነት ዝርዝር ማጫወት ሲጀምር ላቲፋን የመሰሉት ድምፆች ከዝርዝሩ ወጡ።

ይሁን እንጂ ሁሉን በገበያ ላይ መደፍደፍም ማምለጫ ነው። በጃንዋሪ 1991 የራፕ ዝግጅት አቅራቢ የነበረችውን ዲ ባርንዝን ዶክተር ድሬ በአንድ ድግስ ላይ ሲደበድባት ያዘዘው የሸክላ ኩባንያ አልነበረም። እርሱ ክሱን ሳይከራከር ተቀበለ፤ የሙዚቃ ሥራውም ወደ ላይ ቀጠለ፤ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው ከሃያ አራት ዓመት በኋላ በ2015 ነው። እርሷ ግን በሙያዋ የነበራትን ቦታ አጣች።

የጽሑፋችን አስኳል ከዚህ ላይ ነው። በጁን 1990 አንድ የፍሎሪዳ የፌዴራል ዳኛ «ቱ ላይቭ ክሩ» የተባለውን ቡድን አልበም ጸያፍ ነው ብሎ ፈረደ፤ ሸክላውን የሸጠ ባለ ሱቅና የቡድኑ አባላት ታሰሩ። (የአልበሙ ፍርድ በ1992 በይግባኝ ተሽሯል።) የጥቁር ሕዝብ ምሁራን ለሁለት ተከፈሉ። ታዋቂው የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ ለቡድኑ መስክሮ፣ ይህ የጥቁሮች የቆየ የቃል ጨዋታና የግነት ባህል ነው አለ። የሕግ መምህርቷ ኪምበርሌ ክሬንሾ ግን ሁለቱንም ወገኖች ተፋጠጠች። ነጮች የሠሩት ተመሳሳይ ጸያፍ ሥራ እያለ ጥቁሮቹ ተለይተው መከሰሳቸው ዘረኝነት እንደሆነ ሳትሸሽግ ገለጠች፤ ነገር ግን ይህ ዘረኝነት በግጥሙ ውስጥ የሚደፈረውንና የሚቀጠቀጠውን የጥቁር ሴት አካል ቀልድ ሊያደርገው እንደማይችል አስረዳች። ከሳሾቹ የቆሙት ለጥቁሯ ሴት አልነበረም፤ ተከላካዮቹም እርሷን ረሷት። በሁለቱ መካከል የቆመችው ሴት ጠበቃ አልነበራትም።

ይህን ክርክር ስናነብ የራሳችን ማኅበሮች ክርክር ትዝ የማይለን ካለ ራሱን ይጠይቅ። በ60ዎቹና በ70ዎቹ በውጭ አገር የነበሩት የኢትዮጵያ ተማሪዎች የሴቶችን ጥያቄ አንሥተዋል፣ ጽፈዋል፣ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን በተግባር መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነበር፦ ዋናው ቅራኔ ይቅደም፤ የሴቶች ጥያቄ አብዮቱ ሲደርስ ይፈታል። ማርታ መብራህቱ በኅዳር 1965 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አውሮፕላን ለመጥለፍ በተደረገው ሙከራ ላይ ሕይወቷን ስትሰጥ «ሁለተኛ ቅራኔ» አልነበረችም። ሆኖም ስለ ሴት ጓዶች በብዛት የሚተረከው ወረቀት ስለ መተየባቸውና መልእክት ስለ ማድረሳቸው ነው። አራት ሲደመር አንድ የኛም ስም ነበር።

ከተማሪዎች ትግል ወደ ተማሪዎች ትግል እንሻገር። በ2004 ጸደይ በአትላንታ የሚገኘው የጥቁር ሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ ስፔልማን ኮሌጅ፣ ኔሊ የተባለው ራፐር ያቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት የመቅኔ ለጋሾችን እንዲመዘግብ ጋብዞ ነበር። የራፐሩ እኅት በደም ካንሰር ትሠቃይ ነበርና ዓላማው የሚያስነቅፍ አልነበረም። ግን በዚያው ጊዜ ራፐሩ ባወጣው አንድ ምስል ላይ የባንክ ካርድ በአንዲት ሴት ገላ ላይ ሲፋቅ ይታያል። ተማሪዎቹ ምዝገባውን አልተቃወሙም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ስለ ምስሉ ተቀምጠህ አነጋግረን። ከእነርሱ መካከል ሞያ ቤይሊ አንዷ ናት፤ በኋላ በጥቁር ሴቶች ላይ የሚደርሰውን ልዩ ጥላቻ የሚገልጽ አዲስ ቃል ለሥነ ኅብረተሰብ ጥናት ያበረከተች ምሁር። ድርጅቱ ምዝገባውን ሰረዘ። እኅትየዋ በ2005 አረፈች።

ይህ ታሪክ ልብ ይነካል፤ ተማሪዎቹ ጨካኞች ተብለዋል። እኛ እንዲህ አንልም። አንድ ሕዝብ ሴቶቹን «አጥንታችሁን ስጡን፣ ስለ ክብራችሁ ግን አትጠይቁን» ሲላቸው፣ ጥያቄውን ለሌላ ጊዜ የሚያስተላልፉበት አመቺ ቀን ከቶ አይገኝም። ሁልጊዜ የሚሞት ሰው፣ የሚቀድም ጉዳይ፣ የሚያደፍጥ ጠላት አለ። እነዚያ ወጣት ሴቶች ራፕ የሚወዱ፣ በራፕ ያደጉ ነበሩ፤ ጆአን ሞርጋን በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ «የሂፕ ሆፕ ፌሚኒዝም» ብላ የሰየመችው አቋም ይኸው ነው፤ ባህሉን ሳይክዱ በውስጡ ሆኖ መታገል።

ሂፕ ሆፕ ከአሜሪካ ከወጣ በኋላ በብዙ አገሮች የወጣቱ መሣሪያ ሆኗል። የእኛው ልጆች በሲያትል እነ ጋብሪኤል ቴዎድሮስ፣ ከምክሊት ሐደሮ ጋር በ2012 በ«ኮፐርዋየር» እንደሠሩት ያለ ሥራም አለ፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚገባው ለጊዜው እናልፈዋለን። ከአፍጋኒስታን ተሰዳ በቴህራን ያደገችው ሶኒታ አሊዛዴ፣ ወንድሟ ሚስት የሚያገባበት ጥሎሽ እንዲገኝ ቤተሰቧ በ9,000 ዶላር ሊድሯት ሲያስቡ፣ በ2014 የሙሽራ ልብስ ለብሳ፣ ግንባሯ ላይ የሸቀጥ መለያ መስመር ተሥሎባት ስለሚሸጡ ሴት ልጆች ራፕ አደረገች፤ ሴት ለብቻዋ በሕዝብ ፊት እንዳትዘፍን በሚከለከልበት አገር። በዚያው ኢራን ማህሳ አሚኒ በሴፕቴምበር 2022 በፖሊስ እጅ ሳለች ከሞተች በኋላ የሴቶቹን አመፅ ደግፎ የዘፈነው ቱማጅ ሳሌሂ ታሰረ፤ በኤፕሪል 2024 ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ በጁን ተሽሮ በዓመቱ መጨረሻ ተፈታ። ወንድ ራፐር በሴቶች ጥያቄ ምክንያት ገመድ አንገቱ ድረስ የደረሰበት ታሪክ ይህ ነው።

በሴኔጋል ደግሞ በጃንዋሪ 2011 የኬር ጊ ቡድን ራፐሮችና ጋዜጠኛው ፋደል ባሮ «በቃን» የሚል ትርጉም ያለውን «ያን አ ማር» የተሰኘ እንቅስቃሴ መሠረቱ፤ ወጣቱ በምርጫ መዝገብ እንዲመዘገብ ቀሰቀሱ፤ በ2012 ፕሬዚደንት ዋድ በምርጫ ወረዱ። ስለዚህ ድል ብዙ ተጽፏል። ከእነርሱ ቀደም ብላ በዚያው አገር ሌላ ትግል የጀመረችው ሲስተር ፋ ግን ስሟ እምብዛም አይነሣም። በልጅነቷ የተገረዘች ናት። ያን ጉዳይ በራፕ አደባባይ አወጣችው፤ በ2008ም «ትምህርት ያለ ግርዛት» የተባለ የሙዚቃ ጉዞ አዘጋጀች። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል ያደረገው በእኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ሕግ ከወረቀት ወደ ጎጆ የሚወርድበት መንገድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። እርሷ የመረጠችው መንገድ ከዳካር የሙዚቃ አዳራሾች ይልቅ ወደ ትምህርት ቤቶችና ወደ መንደሮች፣ በመጨረሻም ካዛማንስ ውስጥ ወደሚገኘው፣ እርሷ ራሷ ወደተገረዘችበት መንደር የሚወስደውን ነበር።